ቤተ እንግዳ፤ ከቂሣርያ በር እስከ ዘመናችን መሸጋገሪያ ቤት

ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል ከዕብራይስጥ የመጣ ነው፤ የአውራ በግ ቀንድ፣ መለከት ማለት ነው። በሃምሳኛው ዓመት ይህ ቀንድ በተነፋ ጊዜ ባሪያ የነበረው አርነት ይወጣ ነበር፤ ርስቱን በችግር የሸጠውም ወደ ርስቱ ይመለስ ነበር። ዛሬ ኢዮቤልዩ ሲባል የሰው ሐሳብ ወደ በዓሉ ይሄዳል፤ ወደ ድንኳኑ፣ ወደ ማኅሌቱ፣ እንደዚህ ያለ መጽሔት ወደ ማሳተሙ። ይህም የሚገባ ነገር ነው፤ ነገር ግን ኦሪት ዘሌዋውያንን በ25ኛው ምዕራፍ ገልጦ ላነበበው ኢዮቤልዩ ከበዓልነቱ በፊት የመሬትና የቤት ሕግ ነበረ።

በዚያው ምዕራፍ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ልዩነት አለ። ቅጥር በሌለው መንደር ያለ ቤት እንደ እርሻ ተቆጥሮ በኢዮቤልዩ ለባለቤቱ ይመለሳል። ቅጥር ባለው ከተማ ያለ ቤት ግን የሚቤዠው ከተሸጠ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ብቻ ነው፤ ዓመቱ ካለፈ ለገዛው ሰው ለልጅ ልጁ ይጸናል፤ በኢዮቤልዩም አይመለስም። ከዚህ የሚወጡት ሌዋውያን ብቻ ናቸው። እንግዲህ ባለ መንደሩ ቢደኸይ ቀንዱ እስኪነፋ ይታገሣል፤ ለእርሱ ባይደርስለት ለልጁ ይደርስለታል። የከተማው ድሃ ግን አንዱ ዓመት ካለፈበት የሚነፋለት ቀንድ የለም። ሕጉ ስለ ምን እንዲህ እንዳደረገ መተርጉማን ብዙ ምክንያት ይሰጣሉ፤ ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በከተማ ቤቱን ያጣ ሰው መመለሻ የሌለው መሆኑ በኦሪት ዘመንም የታወቀ ነበረ። ቤተ ክርስቲያንም ሥራዋን ያገኘችው በዚያ ቅጥር ሥር ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ነገር መናገር ይገባል። እንግዳ የሚለው ስም የሚወጣው በግዕዝ ነገደ ከሚለው ግሥ ነው፤ ነገደ ማለት ተጓዘ፣ ለንግድ ወጣ ማለት ነው። እንግዳም በሥሩ መንገደኛ ነው፤ የመጣበት አለው፤ የሚሄድበትም አለው። በባላገር መሸት ሲል መንገደኛው ከደጅ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ይላል፤ ከውስጥም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብለው ያስገቡታል፤ እግሩን ያጥቡታል፤ ከሚበሉት ያበሉታል፤ በማለዳም ይሸኙታል። ይህ የአባቶች ሥርዓት በጣም የተመሰገነ ነው። ነገር ግን የሚያገለግለው ነገ የሚደርስበት ቤት ያለውን ሰው ነው። የሚሄድበት የሌለውስ በማለዳ ሲሸኙት ወዴት ይሄዳል? ለዚህ ሰው የአንድ ሌሊት ቤት አይበቃውም፤ የዘለዓለም ቤትም ገና አልተገኘለትም። በሁለቱ መካከል የሚያርፍበት ሌላ ቤት ያስፈልገዋል። ሊቃውንት የመጽሐፍን ክፍል ምዕራፍ ያሉት ዐረፈ ከሚለው አውጥተው ነው፤ አንባቢው በዚያ ዐርፎ ደግሞ ይነሣልና። በምዕራፍ ላይ የሚቀር የለም፤ ያለ ምዕራፍም ረጅም መጽሐፍ የሚዘልቅ የለም።

በወንጌለ ሉቃስ የተጻፈው ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን ወደ እንግዶች ማደሪያ አግብቶ፣ ለቤቱ ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ፣ የጎደለውን ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገብቶ መንገዱን ሄደ። ስብከቱ ሁሉ የሚሰበከው ስለ ሳምራዊው ነው። ከዚያ ሌሊት በኋላ ቁስሉን ያጠበው፣ ልብሱን የለወጠው፣ በእግሩ እስኪሄድ የጠበቀው ግን ስሙ ያልተጻፈው ያ የቤቱ ጠባቂ ነው። የዚህ ጽሑፍ ታሪክ የእርሱ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያው ሲሆን ዓ.ም. ተብሎ ተለይቶ ይጻፋል።)

በአራተኛው መቶ ዓመት፣ ቤተ ክርስቲያን ከስደት ዐርፋ በአደባባይ መቆም በጀመረች ጊዜ፣ በታናሽ እስያ ከተሞች የድሆችና የእንግዶች ቤቶች ይሠሩ ጀመር። ከቀደሙት አንዱ በሰባስጥያ የነበረው ነው። የሰባስጥያ ጳጳስ አውስጣቴዎስ (የእኛው አቡነ ኤዎስጣቴዎስ አይደለም) የድሆችን ቤት ለቀድሞ የገዳም ጓደኛው ለቄስ አኤርዮስ አደራ ሰጠው። ይህም አርዮስ መናፍቁ አይደለም፤ ሌላ ሰው ነው። የቆጵሮሱ ኤጲፋንዮስ እንደ ጻፈው ሁለቱ ብዙ ሳይቆዩ ተጣሉ። አኤርዮስ ጳጳሱን ገንዘብ ሰብሳቢ ሆኗል ብሎ ከሰሰው፤ ቤቱንም ጥሎ ወጣ። ኤጲፋንዮስ ጥፋቱን በአኤርዮስ ላይ ያደርጋል፤ ጵጵስናውን ስለ ቀናበት ነው ይላል። የማን እውነት እንደ ሆነ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ነገር ግን ከዚህ ጋር የተጻፈው ነገር የሚያሳዝን ነው። አኤርዮስና ተከታዮቹ ከአብያተ ክርስቲያናት፣ ከከተማና ከመንደር ተባርረው በዱርና በዓለት ሥር ያድሩ ነበር፤ በረዶም ይወርድባቸው ነበር። የቤተ ነዳያን ሹም የነበረው ሰው ራሱ ቤት አልባ ሆነ። የእንግዳ ቤት ታሪክ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ገጾች በአንዱ ላይ የሚገኘው የቤቱ ውበት ሳይሆን የገንዘብ ክርክር ነው፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም።

በዚያው ዘመን ዑልያኖስ ከሐዲ ነገሠ። ወደ ጣዖት አምልኮ ሕዝቡን ሊመልስ በፈለገ ጊዜ ያስቸገረው ነገር ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድሆች ብቻ ሳይሆን የአረማውያንንም ድሆች መመገባቸው ነበረ። ስለዚህ በ362 ለገላትያ የጣዖት ሊቀ ካህናት ለአርሳክዮስ በየከተማው የእንግዳ ማደሪያ እንዲሠራ ጻፈለት፤ ለገላትያም በየዓመቱ 30,000 ሞድዮ ስንዴና 60,000 መስፈሪያ የወይን ጠጅ አዘዘ። ንጉሡ በሚቀጥለው ዓመት በፋርስ ጦርነት ሞተ፤ አሳቡም ከእርሱ ጋር ቀረ። ጠላት ሲቀዳው የታየ ሥራ ግን ምን ያህል ኃይል እንደ ነበረው ከዚህ ይታወቃል።

ከሁሉ የከበረው ግን የቂሣርያው ነው። በ368 እና በ369 በቀጰዶቅያ ዝናም ተከለከለ፤ ጽኑ ረኃብ ሆነ። ቂሣርያ ከባሕር የራቀች ከተማ ስለ ሆነች እህል በመርከብ ሊመጣላት አልቻለም፤ እህል ያላቸውም ዋጋ እስኪወጣ ድረስ ጎተራቸውን ዘጉ። ባስልዮስ ገና ቄስ ነበረ። በስብከቱ ጎተራ አስከፈተ፤ የተራቡትን ሰበሰበ፤ ወገቡን በማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የጥራጥሬ ወጥና በጨው የቆየ ምግብ በድስት እያስቀረበ በገዛ እጁ አበላ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ይህን ሁሉ በመታሰቢያ ንግግሩ ተርኮታል። እኅቱ ማክሪናም በዚያው ረኃብ ጊዜ በየመንገዱ የወደቁትን ሴቶች ልጆች ወደ ገዳሟ አግብታ አሳደገቻቸው፤ ኋላ በሞተች ጊዜ እናታችን እያሉ ያለቀሱላት እነርሱ ነበሩ።

ረኃቡ አለፈ፤ ወጡን የበሉት ሰዎች ግን አላለፉም። መሬቱን የሸጠ፣ ልጁን በዕዳ ያስያዘ፣ በሬው ያለቀበት ባላገር ዝናም ቢመለስ ምን ይዞ ይመለሳል? ባስልዮስ በ370 ጳጳስ ከሆነ በኋላ ከከተማዋ ቅጥር ውጭ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ኋላ በስሙ ባስልያስ የተባለውን ሰፈር ሠራ። ከዚህ የተነሣ ተከሰሰ፤ ለአገረ ገዥው ለኤልያስ የመንግሥትን ጥቅም የሚጎዳ ሥራ ሠርቷል ብለው ነገሩት። ባስልዮስ በ372 ገደማ ለገዥው የጻፈው መልስ እስከ ዛሬ አለ። በዚህ ደብዳቤ የሠራውን ይቈጥራል፤ የጸሎት ቤት፣ የአገልጋዮች ማደሪያ፣ ለመንገደኞችና ለሕሙማን ማረፊያ፣ አስታማሚዎች፣ ሐኪሞች፣ የጭነት ከብቶች፣ መንገድ የሚሸኙ ሰዎች። በዚያም ላይ ሰው ለኑሮው የሚያስፈልጉትን የእጅ ሥራዎችና ለእነዚህ ሥራዎች የሚሆኑ ቤቶችን ይጨምራል።

የዚህን ዝርዝር ብዙ ጸሐፊዎች ስለ ሐኪሞቹ ብለው ይጠቅሱታል፤ የሆስፒታል መጀመሪያ ነው ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን በዝርዝሩ ውስጥ ከሐኪሙ ያላነሰ ትልቅ ነገር የሚሸኘው ሰውና የእጅ ሥራው ቤት ነው። ሐኪም ለገባው ነው፤ ሸኚና የሥራ ቤት ለሚወጣው ነው። ባስልዮስ ቤቱን ሲያቅድ መግቢያውን ብቻ አላሰበም፤ አስቀድሞ መውጫውን ሠርቶለታል። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ የሚሸሻቸውን ለምጻሞችም እንደ ወንድም እየሳመ ይቀበል ነበር፤ ለእነርሱ ከዚያ ሌላ ቤት አልነበረምና ቤቱ ማረፊያቸው ብቻ ሳይሆን መኖሪያቸውም ሆነ። አርዮሳዊው ንጉሥ ዋሌንስ እንኳ፣ በሃይማኖት የሚከራከረው ሆኖ ሳለ፣ ለእነዚህ ድሆች መተዳደሪያ መልካም መልካሙን መሬት ሰጠ። የታሪክ ጸሐፊው ሶዞሜኖስ ኋላ ይህን ቤት ያስተዳድር የነበረ ፕራፒድዮስ የሚባል ሰው እንደ ነበረ ጽፏል፤ አረጋዊና የገጠር አብያተ ክርስቲያናትን የሚጠብቅ ጳጳስ ነበረ። ስሙ የተጻፈለት የቤቱ ጠባቂ እርሱ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ግን ብዙም አልተጻፈለትም።

የኤፍሬም ሶርያዊ ታሪክ ከዚህ ይለያል። ውዳሴ ማርያምን በየዕለቱ ለሚደግም ምእመን የኤፍሬም ስም እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን ደራሲ ብቻ አድርጎ የሚያስበው ብዙ ነው። ኤፍሬም የንጽቢን ሰው ነበረ። በ363 ከተማዋ ለፋርስ በተሰጠች ጊዜ ክርስቲያኖቹ ከተማቸውን ለቀው ወጡ፤ እርሱም ከቤቱ ተነቅሎ ወደ ኤዴሳ ተሰደደ። ኤዴሳ በመጻሕፍቶቻችን ሮሃ የምትባለው የሶርያ ከተማ ናት። ከአሥር ዓመት በኋላ በኤዴሳ ረኃብ ጸና። ኤፍሬም ከበዓቱ ወጥቶ ባለጸጎቹን ስለ ምን ወንድሞቻችሁ በየመንገዱ ሲሞቱ ገንዘባችሁን ታከማቻላችሁ ብሎ ገሠጻቸው።

የባለጸጎቹ መልስ በየዘመኑ የሚሰማ ነው። ገንዘቡን መስጠት አልከበደንም፤ አደራ የምንሰጠው ታማኝ ሰው ነው ያጣነው፤ ሁሉም ለራሱ ጥቅም ነው የሚሮጠው አሉት። ኤፍሬም አልተከራከራቸውም፤ እኔን እንዴት ታዩኛላችሁ ብሎ ጠየቃቸው። የእግዚአብሔር ሰው እንደ ሆንህ ሁላችን እናምናለን አሉት። እንግዲያስ እኔ ልሸከመው አለ። ገንዘቡንም ተቀብሎ በከተማዋ አደባባይ ሰው በሚመላለስበት ሰገነት ሥር በእንጨት እየለየ ወደ 300 የሚሆን አልጋ አስተከለ፤ የከተማውንም ሰው፣ ከገጠር በረኃብ የመጣውንም ያለ ልዩነት ያስታምም ጀመር፤ የሞተውን ይቀብራል፤ ሊድን የሚችለውን ይመግባል። ረኃቡ ባለፈ ጊዜ አልጋዎቹ ተነሡ፤ ኤፍሬምም ወደ በዓቱ ተመለሰ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ በ373 ዐረፈ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይስተዋል። የሚሸከመው ሰው ራሱ ከቤቱ የተነቀለ ስደተኛ ነበረ፤ የሚያስታምማቸውን ሰዎች ሁኔታ በመጽሐፍ ሳይሆን በራሱ ያውቀዋል። ደግሞም አልጋዎቹ የተነሡት ለእነርሱ የሚሆን ጊዜ ስላለፈ እንጂ ሰጪዎቹ ስለ ሰለቹ አይደለም። ሰጪ ሰልችቶት የሚዘጋ ቤትና ሥራው አልቆ የሚዘጋ ቤት ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ልዩነቱን የሚያውቀው በውስጡ ያደረው ነው።

ዮሐንስ አፈወርቅ በ398 የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ በሆነ ጊዜ መጀመሪያ የተመለከተው የመንበሩን መዝገብ ነው። ጳላድዮስ እንደ ጻፈው ለጳጳሱ ቤት ይወጣ የነበረውን ከንቱ ወጪ ቈርጦ ወደ ሕሙማንና እንግዶች ቤት አዛወረው፤ ችግረኛው በበዛም ጊዜ ሌሎች ቤቶችን ጨመረ። በእነርሱም ላይ ሁለት ትጉሃን ቀሳውስትን ሾመ፤ ሐኪሞችንና ወጥ ሠሪዎችን፣ ከደናግልም ወገን ርኅሩኃን የሆኑ አገልጋዮችን አቆመ። ቀድሞ በአንጾኪያ ሳለ ቤተ ክርስቲያኗ ከአንድ መካከለኛ ባለጸጋ ገቢ በማይበልጥ ገንዘብ 3,000 መበለቶችንና ደናግልን ከእስረኞችና ከመንገደኞች ጋር ትረዳ እንደ ነበረ ለሕዝቡ ቈጥሮ ነግሯቸዋል።

ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ የሠራው አፈወርቅ ራሱ በግብረ ሐዋርያት ትርጓሜው ላይ ምእመናኑን ሌላ ነገር ገሠጻቸው። ቤተ ክርስቲያን የእንግዳ ቤት አላትና እኛ ምን ቸገረን ማለት ጀምረው ነበርና፣ በየቤታችሁ አንዲት ክፍል ለይታችሁ አልጋና ገበታ መቅረዝም አኑሩባት፤ የክርስቶስ ክፍል በሏት አላቸው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ስብከት ማሳመሪያ ያየዋል። ግን አፈወርቅ የተናገረው ከሥራው ካገኘው እውቀት ነው። ቤተ እንግዳ ብቻውን ሰውን ሊያስገባ ይችላል፤ ሊያስወጣው ግን አይችልም፤ የሚወጣው ወደ ሰው ቤትና ወደ ጎረቤት ነውና። ምእመኑ በሩን ዘግቶ የእንግዳ ቤቱን ብቻ ቢያሰፋ ቤቱ የሰው ማከማቻ ይሆናል።

በኒቅያ ጉባኤ ስም በዐረብኛ ተጽፈው ከተላለፉት ቀኖናዎች አንዱ በየከተማው ለእንግዶች፣ ለሕሙማንና ለድሆች የተለየ ቤት እንዲኖር ያዛል። ጠባቂ አድርጎ ኤጲስ ቆጶሱ የሚመርጠውም ከበረሃ መነኮሳት አንዱን፣ ለዚያ አገር እንግዳ የሆነውን፣ ከወገኑና ከቤቱ የራቀውን፣ የታመነውን ሰው ነው። አልጋና ምንጣፍ ያዘጋጃል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ካልበቃ ከምእመናን ይለምናል። ቀኖናው በኒቅያ በራሷ የተወሰነ ነው ለማለት ሊቃውንት ባይደፍሩም፣ የጻፈው ሰው ይህን ሥራ በቅርብ እንዳየ ግልጥ ነው። እንግዳን እንግዳ ይጠብቀው ማለቱ ዘመድ እንዳያበላበት ነው፤ አንድም ራሱ እንግዳ የሆነ የእንግዳን ነገር ያውቃልና ነው። የአኤርዮስን ክርክርና የኤፍሬምን አልጋ አስቦ የተጻፈ ይመስላል።

በአገራችን ይህ ሥራ በራሱ ስምና በራሱ ሕንፃ ብዙ ጊዜ አልቆመም፤ በደብርና በገዳም ሕይወት ውስጥ ተሰውሮ ኖረ። በገዳም መጋቢው እንግዳውን ይቀበላል። በደብር ደጀ ሰላሙ ለነዳያን ነው፤ የቆሎ ተማሪው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ጎጆ ቀልሶ ይማራል፤ በጠበል ቦታ የታመመው እስኪድን ከነአስታማሚው ይሰነብታል። በአዲስ አበባ ደግሞ ባለጸጎች በመቃብር ላይ ያሠሯቸው መቃብር ቤቶች ለብዙ ድሃ አረጋዊና ለብዙ ተማሪ መጠለያ ሆነዋል። ሙት ቤት ሠርቶ ሕያዋን አደሩበት። ይህ ሁሉ ብዙ ነፍስ አድኗል፤ ጉድለቱ ግን አንድ ነው። በመቃብር ቤት የገባ ድሃ የሚወጣበትን ቀን የሚያስብለት ሰው አልነበረም፤ ብዙው ከዚያው ወደ መቃብሩ ተሻገረ።

በዘመናችን የታየውም አለ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1980 ወደ ግሼን ማርያም ለመሳለም ሄደው ሲመለሱ፣ በወሎ ረኃብ እናት አባት ያጡ ሁለት ሕፃናትን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ባላቸው ስላልተቀበሉት ከቤታቸው ተለይተው ከልጆቹ ጋር በችግር ኖሩ፤ ቤት የሰጡት እመቤት ራሳቸው ቤት አጡ። ያቋቋሙት ማኅበር ልጆችን ከማሳደግ አልፎ ለወጣቶችና ለሴቶች የእጅ ሥራ ያስተምር ነበር። በ2021 ዐረፉ። በባስልዮስ ደብዳቤ ያለው የሥራ ቤት በእኚህ እናት ቤት ደግሞ ታየ፤ እርሳቸው ግን የባስልዮስን ደብዳቤ ሊከተሉ ሳይሆን ልጁ ነገ ምን ይበላል ብለው ነው ያደረጉት።

ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ በተመለሱ ጊዜ በአዲስ አበባ ጊዜያዊ ማረፊያዎች ተከፍተው ነበር። የሚበዛው ጥቂት ቀን ዐርፎ ወደ አገሩ ተሳፈረ። ዕዳ ተበድሮ የሄደው፣ ወይም በደረሰባት ነገር ወደ ወላጆቿ መመለስ ያፈረችው ግን ለጥቂት ቀን ማረፊያ የሚበቃ ጉዳይ አልነበራቸውም። መንገደኛና መመለሻ የሌለው ሰው በአንድ በር ሲገቡ አይለዩም፤ የሚለዩት በሚወጡበት ቀን ነው።

ከእኛ ወገን ብዙ ሰው በሚኖርባት በአሜሪካ ደግሞ ነገሩ በሕግ ተጽፏል። በ1987 በወጣው የማኪኒ ሕግ መንግሥት ለመሸጋገሪያ ቤቶች ገንዘብ መስጠት ጀመረ፤ ሰውየው እስከ 24 ወር ድረስ በዚያ ኖሮ፣ ሥራ ፈልጎ፣ ከሕመሙ ታክሞ፣ ወደ ራሱ ኪራይ እንዲወጣ ታሰበ። በ1992 በኒው ዮርክ ሳም ጸምቤሪስ የሚባል የሥነ ልቡና ሐኪም ይህን ሥርዓት ገለበጠው። አእምሮው የታመመ ሰው እስኪድንና መጠጥ እስኪተው ድረስ ቤት መከልከል አይገባም፤ አስቀድሞ ቤቱን እንስጠው፤ በገዛ ቤቱ ሆኖ እንርዳው አለ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አልቆመም። መንግሥት በ12 ቦታ 2,282 ቤተሰቦችን ይዞ ባስመረመረ ጊዜ፣ የኪራይ ድጎማ የተሰጣቸው ቤተሰቦች ወደ መሸጋገሪያ ቤት ከተላኩት ይልቅ ጸንተው መኖራቸው ታየ። ከባል ዱላ ለሸሸች ሴትና ወላጅ ለሌለው ወጣት ግን የተጠበቀ መሸጋገሪያ ቤት ዛሬም ይፈለጋል።

ይህ ክርክር ለአባቶች እንግዳ አይደለም። ባስልዮስ ለተራበው ባላገር የእጅ ሥራ አስተምሮ ሸኘው፤ ለምጻሙን ግን ዳን ሳይለው ቤት ሰጠው። ሁለቱም በአንድ ሰፈር ነበሩ። እንግዲህ ጥያቄው ከሁለቱ ሥርዓት የትኛው ይበልጣል የሚል ሳይሆን፣ በሩ ላይ የቆመው ሰው የትኛው እንደ ሆነ ማን ይለያል የሚል ነው። ይህን የሚለይ ሕግ አይደለም፤ የቤቱ ጠባቂ ነው።

ዛሬ በከተማችን በዚህ ሥራ የተሰማራ ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው ወጥ በማውጣት አይደለም። አድራሻ የሌለው ሰው መታወቂያ ለማውጣት ይቸገራል፤ መታወቂያ የሌለውም ሥራ ለመቀጠርና ቤት ለመከራየት ይቸገራል፤ ስለዚህ ጠባቂው ከቀበሌ ወደ ክፍለ ከተማ ይመላለሳል። የጠፋ ዘመድ ያፈላልጋል፤ አባትን ከልጅ ያስታርቃል፤ ታሞ የተጣላውን ሐኪም ቤት ያደርሳል። አከራይ የብዙ ወር ቅድሚያ ኪራይ ሲጠይቅ ዋስ ይፈልጋል። በብዙ ድካም ቤት ያስገባው ሰው ከሦስት ወር በኋላ ቁልፉን ጥሎ ሲመለስበት ደግሞ እንደ መጀመሪያው ቀን ይቀበለዋል። ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ያልጻፉትም ይህ ነው።

ለደብር የሚቀርብ አንድ ሌላ ነገር አለ። በአገራችን ቤት ማለት ግድግዳና ጣራ ብቻ አይደለም። ቤት የሌለው ሰው እድር የለውም፤ ቢሞት ድንኳን የሚተክልለት፣ ንፍሮ የሚቀቅልለት ጎረቤት የለውም። የንስሐ አባትም ቢኖረው መጥቶ ጠበል የሚረጭበት ደጃፍ የለውም። መሸጋገሪያ ቤቱ ኪራዩን ሊከፍልለት ይችላል፤ እድር ሊያስገባው ግን ብቻውን አይችልም። ሰውየው ወደ አዲሱ ቤት በገባ በሳምንቱ የሰፈሩ ሰው ቡና ጠጣ ብሎ ካልጠራው፣ ማኅበርተኛ ካላደረገው፣ ካህኑ ደጁን ካልረገጠ፣ በሦስተኛው ወር ቁልፉን ይጥላል። አፈወርቅ ለቍስጥንጥንያ ሰዎች የክርስቶስ ክፍል ያላት በእኛ አገር ይህች ናት፤ ክፍል ተለይቶ የማይሠራላት፣ በእድርና በጽዋ ማኅበር መዝገብ ላይ አንድ ስም በመጨመር የምትከፈት።

የቂሣርያው ቤት ፍጻሜ እንዲህ ሆነ። ባስልዮስ ሰፈሩን ሲሠራ ከቅጥር ውጭ ነበረ፤ ጎርጎርዮስ አዲስ ከተማ ብሎ ጠርቶታል፤ ለጊዜው ንግግር ማሳመሪያ ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት መቶ ዓመታት ግን ባለ ቅጥሩ አሮጌ ከተማ እየተፈታ ሄደ፤ ሰው ወደ ባስልዮስ ሕንፃዎች ዙሪያ እየወረደ ይሰፍር ጀመር። ብዙ የታሪክ መርማሪዎች እንደሚሉት በቱርክ አገር ዛሬ ካይሰሪ የምትባለው ከተማ መካከሏ የቆመው በዚያ በቤተ እንግዳው ስፍራ ላይ ነው፤ ባለ ቅጥሩ ቂሣርያ የነበረበት ግን ከከተማዋ ዳር ቀርቷል።